ለፋጡማ የሰጠሁት ዳጉ

ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ቶሎ አልመልስም። ጎረቤቶቼ ይህን ጠባዬን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹ ኩራት ይመስላቸዋል። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ሰላምታ እኮ ነው፣ ፈተና አይደለም» እያለች ትስቅብኛለች። እንዲህ ያደረገኝን ነገር ለማንም ዘርዝሬ ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩት፤ ነፍሱን ይማረውና ግማሹን ይዞ ሄደ። አሁን ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ጉልበቴም ደከመ። እናንተ ደግሞ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። እንዳለ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው አሰብ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ከብርድ በቀር የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ጂኦግራፊ ላስተምር ዕጣ ወጥቶልኝ አሰብ ስመደብ እናቴ መርዶ የመጣ ይመስል አለቀሰች። የመጀመሪያውን ዓመት በላብ አለቅሁ። የወደብ ሠራተኞች በሚበዙበት በካምፖ ሱዳን ሰፈር አንዲት የጣውላ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ምላሴ ስለታም፣ በእጅ ጽሑፌ የምኮራ፣ ሰው ሁሉ እንዲወደኝ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ክፉ ነበርኩ አልልም። ፈሪ ግን ነበርኩ፤ ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፋጡማን ያወቅኋት በወተት ነው። አፋር ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ በይሉል መንደር በሚወስደው በኩል ከመንገድ ገባ የሚል አንድ የጉድጓድ ውሃ አለ፤ ስሙን አልጽፈውም። በዚያ ውሃ ዙሪያ ከሰፈሩት ቤተሰቦች አንዷ ነበረች፤ ከእናቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ በጀልባ ወጥቶ የቀረ ነው። ሰኞና ቅዳሜ የፍየል ወተት ይዛ ሰፈራችን ትመጣለች። ወተቱን የምትይዝበትን ዕቃ ከዘንባባ ቅጠል ራሷ ነበረች የምትሰፋው፤ እንዴት አድርጋ እንደምታጠብቀው እንጃላት፣ ጠብታ አያፈስም። አማርኛ የለመደችው ልጅ ሳለች የወደብ ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች ነው። አጭር አጭር አድርጋ ትናገራለች፣ ግን የምትለው አይጠፋትም። ዕድሜያችን እኩል ነው ብለን ተስማምተን ነበር፤ እሷ የተወለደችበትን ዓመት አታውቅም።

ስትመጣ ወተቱን ቶሎ አትሰጠኝም። ትቀመጣለች፣ እኔንም ታስቀምጠኛለች፣ ከዚያ ዳጉ ይጀመራል። ዳጉን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ወታደር የት ታየ። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ፣ ስም ጠርቶ፣ ለይቶ ይናገራል። የሰማው ደግሞ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። እኔ መጀመሪያ ወሬ መውደድ መስሎኝ ነበር። «እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም እንዴ?» ብያታለሁ አንድ ቀን።

ያኔ ዙሪያው ሁሉ ጦር ነበር። አፋር ትንሽ ሕዝብ ነው። በዚህ በኩል የመንግሥት ጦር፣ በዚያ በኩል በረሃ የገቡት ታጋዮች፣ ከወዲያ ደግሞ ሱማሌ፤ ሁሉም መድፍ ነበራቸው። አፋሩ ያለው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ጊሌ የሚሉት ጩቤ ነው፣ ቢበዛ አንድ ያረጀ ጠመንጃ። «እንግዲህ መድፍ ቢመጣባችሁ በምን ልትመክቱ ነው? በጊሌ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«መድፍ ከባድ ነው፤ ቤቴ ቀላል ነው» አለችኝ።

ከዚያ በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ። የአፋር ቤት የሴቷ ነው፤ የምትሠራውም የምታፈርሰውም እሷ ናት። የጎበጠ እንጨትና ሰሌን ነው፤ ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ግመል ላይ ትጭነዋለች። መድፍ ግን መኪና ይጎትተዋል፣ አሸዋ ይይዘዋል፣ አቧራው ከሩቅ ይታያል። ያየ ይናገራል፣ የሰማ ያደርሳል። መድፉ ቦታው ደርሶ እስኪያነጣጥር እዚያ የሚጠብቀው የምድጃ አመድ ብቻ ነው። አያቷ ከጣሊያን መድፍ ያመለጡት እንዲህ ነው፣ እሷም ሁለት ጊዜ እንዲህ አምልጣለች። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ጥያቄ አላጣም። የሚነግራችሁ ሰው ቢዋሽስ አልኳት። ጥያቄዬ አልገባትም። ደግሜ ስጠይቃት «በዳጉ? በዳጉ ማን ይዋሻል?» አለችኝና ወተቱን ቀዳችልኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዲሬክተሩ ከክፍል አስጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ውጭ መኪና ቆሞ ነበር፤ «ለአገር ጉዳይ ነው፣ ብዙም አትቆዪም» አለኝ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ? ባለፈው ዓመት አንድ የሳይንስ አስተማሪ በመምህራን ክፍል ስለ ጦርነቱ አንድ ነገር ተናግሮ ወስደውት፣ ከወራት በኋላ ሲመለስ ከ«እህ» ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ሆኖ ነበር። መኪናው ውስጥ እሱን እያሰብኩ ሄድኩ።

የወሰዱኝ ወደ አንድ የጦሩ ቢሮ ነው። አንድ መቶ አለቃ ተቀምጧል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ አስመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ በካሬ የተከፋፈለች ትንሽ ካርታ ነበረች። ይህችን አጉልተሽ በሦስት ትልልቅ ወረቀት ትሥይልናለሽ፣ እጅሽ ጥሩ ነው ብለውናል አለኝ። ወይ እኔ! መመስገኔ ደስ አለኝ። ካርታ ማጉላት ለተማሪዎቼ የማስተምረው ሥራ ነው፤ ትልቁ ወረቀት ላይ ትልልቅ ካሬ ታሰምራላችሁ፣ ከዚያ በትንሹ ካሬ ውስጥ ያለውን በትልቁ ውስጥ ትደግማላችሁ። ካሬ በካሬ ስለሆነ የምትሠሩትን ጠቅላላ ነገር አታዩትም፤ የምታዩት አንዲቷን ካሬ ነው። የባሕሩን ዳር ሣልኩ፣ መንገዱን ሣልኩ፣ ደረቁን ወንዝ ሣልኩ። አንዷ ካሬ ውስጥ አንድ የውሃ ጉድጓድ ምልክት አለ፣ ዙሪያውን በቀይ ተከቧል። እኔም በቀይ እርሳስ ከበብኩት። ከሥሩ የተጻፈውን በዚያ በምኮራበት ጽሑፌ ገለበጥኩ፤ «ዒላማ፤ ሐሙስ ጧት» ይላል።

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያነበብኩት። የእነ ፋጡማ ውሃ ነበር። እጄ ቆመ። መቶ አለቃው አየኝና ምነው አለኝ። ምንም፣ እርሳሱ ዶልዱሞ ነው አልኩ። እርሱም አጠገቡ ለነበረ ሌላ ሰው፣ እዚያ ከሽፍታ በቀር ማንም እንደሌለ መረጃ አለን ሲል ሰማሁት። ሰው አለ ማለት እችል ነበር። ሴቶች አሉ፣ ልጆች አሉ፣ አንዷ የወተት ደንበኛዬ ናት ማለት እችል ነበር። እርሳሱን ቀርጬ ሁለተኛውን ወረቀት ጀመርኩ። ሲያልቅ ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስፈርመውኝ፣ አመስግነውኝ፣ በመኪና ቤቴ ድረስ አደረሱኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ነው። ረቡዕ የፋጡማ ቀን አይደለም፣ እኔም ስለምጾም ወተት አልጠጣም፤ የእኔን ጾም ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን ጧት ትምህርት ቤት ልሄድ በሬን ስከፍት ከደጃፌ ተቀምጣ አገኘኋት። የወተት ዕቃዋን ይዛለች። ጎረቤቴ የአብዮት ጥበቃ አባል ነው፤ ግን ያን ጊዜ ሥራ ገብቶ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሰው ፈርቼ ነው ብዬ እንዳላመካኝ ነው። የሚሰማን ማንም አልነበረም።

ገብታ ተቀመጠች። የራሷን ዳጉ አስቀደመች። አንድ ግመል ጠባቂ የመድፍ መኪናዎች አቧራ አይቷል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አላወቀም። ትናንት ማታ ሰው ተሰብስቦ ተነጋግሯል፤ ገሚሱ ቤት እናፍርስ ይላል፣ ገሚሱ እንቆይ ይላል። እሷ ደግሞ ትንሹን ልጇን ትኩሳት ይዞባታል። የሚቀጥለው ውሃ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ልጁን በዚህ ሙቀት በግመል ጭና ብትወጣ የሚተርፍ አልመሰላትም። ያለ ምክንያት ልታንገላታው ፈራች።

«እኔ ከተማ ሰው አለኝ አልኳቸው» አለችኝ። «የተማረች ናት፣ ታውቃለች፣ ጠይቄ እመጣለሁ አልኳቸው። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች «እንዴት ናችሁ» ስንባል ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» እንላለን፤ እናቴ አባቴን በቀበረች ማግሥት ደጅ ለጠየቃት ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ስትል ሰምቻለሁ። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው። ልመልሰው ግን ጊዜ ነበረኝ፤ አልመለስኩትም።

«ሰላም ነው» አልኳት።

«ምንም የለም?»

«ምንም የለም። ሰላም ነው።»

ፋጡማ ግን ደንቡን አትስትም። «የሰማሽው ነው፣ ያየሽው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ ሁለት የሆነው። የሰማሁት ነው ብል ኖሮ ከማን ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ስም መጥራት አለብኝ፣ ስም ደግሞ የለኝም። ከዚህ ለመሸሽ ብዬ «ያየሁት» አልኩ።

ፊቷ ወዲያው ተፈታ። እጄን ይዛ ሳመችው፣ እኔም የእሷን ሳምኩ። እንግዲህ ልጄ ያርፋል አለች። ወተቱን ነገ ጾም ስፈታ እንድጠጣው ከነዕቃው ትታልኝ፣ ዕቃውን ቅዳሜ እወስዳለሁ ብላ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ እስክትርቅ አየኋት። ቶሎ ቶሎ ነበር የምትራመደው፣ ወሬው እንዳይዘገይባት።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ምናልባት ወረቀት ብቻ ነው፣ ምናልባት ቀኑ ይለወጣል፣ ምናልባት ሰው መኖሩን ያዩና ይተዉታል እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አሞኛል ብዬ ወጣሁ፣ ታክሲ ይዤ እስከ ከተማው ዳር ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ በበይሉል መንገድ ወዳለው የወታደር ኬላ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ገብቶ እግሬን ላጠኝ። ልደርስባት የምችል መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በረሃ ላይ የተወለደች ናት፣ ከሄደች አምስት ሰዓት ሆኗታል።

ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ከአነጋገሬ የእሱው አገር ልጅ መሆኔን ዐወቀ። ወተት የምታመጣልኝ ሴት ዕቃዋን ረስታ ሄዳ ነው አልኩት። ሌላ ውሸት። «እህቴ፣ ተመለሺ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ዛሬም ነገም ከዚህ ወዲያ የከተማ ሰው አያልፍም።» ዓይኔን አላየኝም። እሱም ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከኬላው አጠገብ፣ ግድግዳ ጥላ ውስጥ፣ አንድ አፋር ሽማግሌ ሁለት ግመል ዱቄት ጭነው ተቀምጠው ነበር። እሳቸው መንገድ አያስፈልጋቸውም፣ ኬላውን ዞረው ያልፋሉ፤ ወታደሮቹም እንዲህ ያለውን አይነኩም። ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ዳጉ» አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። ትንሽ አማርኛ ያውቃሉ። የውሃውን ስም ነገርኳቸው፤ ነገ ጧት መድፍ እዚያ ይተኮሳል፣ ዛሬውኑ ይልቀቁ ብለው ይንገሩልኝ አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

ሽማግሌው አልተነሡም። «ሰምተሽ ነው፣ አይተሽ?» አሉኝ።

«አይቼ ነው። በእጄ ጽፌዋለሁ።»

«ስምሽ ማን ነው?»

ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት ትዝ አለኝ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ስሜ አብሮት ሲሄድ፣ ዞሮ ዞሮ ያ ቢሮ ሲገባ ታየኝ። ያ ዝም ያለው የሳይንስ አስተማሪ ታየኝ።

«ስሜ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «ይሂዱ ብቻ፣ ይፍጠኑ።»

ከዚያ ግመሎቻቸውን አስነሥተው ሄዱ። እኔም ተመለስኩ። እውነት ተናግሬያለሁ፣ አድኛቸዋለሁ ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። እንዲህ ያለች ሞኝ ነበርኩ።

ሐሙስ ጧት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየሣልኩ ነበር። የመጀመሪያው ሲጮህ መስኮቱ ተርገደገደ። ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ድምፁ ከሰሜን በኩል ነው፣ ሩቅ ነው፣ ግን ወለሉ በእግሬ ሥር ይሰማኛል። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጎንበስ ብዬ ስባሪውን አንሥቼ ሥዕሌን ቀጠልኩ። ልጆቹ አስተማሪያቸው ካልፈራች የሚያስፈራ ነገር የለም ብለው ጸጥ አሉ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ልምምድ ነው ተባለ፤ ሁሉም ልምምድ ነው አለ። እኔም ልምምድ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ፋጡማ አልመጣችም። ሰኞም አልመጣችም። ወተቱን አልጠጣሁትም፤ ረግቶ፣ ሸትቶ፣ ደፋሁት። ዕቃዋን አጥቤ ጥላ ቦታ ሰቀልኩት። ርቀው ሄደዋል ማለት ነው፣ አዲሱ ውሃ ሩቅ ስለሆነ ነው የቀረችው እል ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጥርላችሁም።

በሁለተኛው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት በትር ተደግፈው ቆመዋል፤ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ከኋላቸው ሊያስተረጉሙላቸው የመጡት የኬላው ሽማግሌ ናቸው። እኒያ ሽማግሌ ሲያዩኝ ክው አሉ። እኔም ክው አልኩ። አሮጊቷ ግን ይህን ልብ አላሉም፤ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የፋጡማ እናት ነኝ አሉ። የልጄ ወዳጅ ስለሆንሽ ዳጉ ይገባሻል፣ ልነግርሽ መጣሁ አሉኝ።

ዐረፍ እያሉ፣ በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳይዘሉ ተናገሩ፤ ሽማግሌው በትንሿ አማርኛቸው እየተረጎሙልኝ። ረቡዕ ፋጡማ ከከተማ የመምህርቷን ቃል ይዛ ገባች፤ ሰላም ነው፣ በዓይኗ አይታለች። ሰው ሁሉ ዐረፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ እኒህ ሽማግሌ መጡ፤ ኬላው ጋ አንዲት የደጋ ሴት እያለቀሰች ነገ መድፍ አለ ብላለች፣ አይቻለሁ ትላለች፣ ስሟን ግን አልሰጠችኝም አሉ። ሰው እንደገና ተሰበሰበ። አንዳንዱ ስም ባይኖረውም እንስማው አለ፣ ቤቱን ፈታ። ፋጡማ ግን ተነሥታ ተከራከረች። ስም የሌለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ውሃችንን የፈለገ ሰው ሊያስለቅቀን ልኮት ይሆናል፤ እኔ ያመጣሁት ስም አለው፣ መምህርት አትዋሸኝም አለች። ለእኔ ቆማ ተከራከረችልኝ። በመጨረሻ እናቷንና ትልቁን ልጅ፣ እናቷ እግራቸው ስለማይረዳቸው፣ ለማንኛውም ብላ ከሚሄዱት ጋር በግመል ጫነቻቸው። እሷ የታመመውን ይዛ ቀረች፤ ትኩሳቱ ሲበርድለት ልትከተላቸው። ከእሷ ጋር ሦስት ቤት ቀረ።

ቀሪውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። አሮጊቷ ግን አልዘለሉትም። እሷን በምን እንዳወቋት፣ ልጁ የት እንደተገኘ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አንድ ነገር አሉ። ሽማግሌው ቶሎ አልተረጎሙትም። ዓይኖቻቸውን እኔ ላይ አድርገው ቆዩ። ስም የለሿ ሴት እኔ መሆኔን ያውቃሉ፤ መናገር ይችሉ ነበር፣ አልተናገሩም። ለእኔ ተዉልኝ።

«የእኔ ዳጉ ይህ ነው። አሁን አንቺ ተናገሪ ትላለች» አሉኝ።

ተናገርኩ። ካርታውን፣ ቀዩን እርሳስ፣ «ያየሁት» ያልኩትን፣ ኬላውን፣ ስሜን መደበቄን፣ ጠመኔውን ሳይቀር። ሽማግሌው እያንዳንዷን ቃል አደረሱ። አሮጊቷ አላለቀሱም፣ አልረገሙኝም። ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ለምን?

«ፈርቼ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ያሉትን ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ተረጎሙልኝ።

«ፈርቻለሁ ብትያት ይበቃት ነበር።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜው እዞራለሁ። ምስጢር ማውጣት አልነበረብኝም። የማንንም ስም መጥራት አልነበረብኝም። ፋጡማ ምን አየሽ ስትለኝ «እንጃ፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ» ብላት፣ እሷ የቀረውን ራሷ ታውቀው ነበር። ከተማ ውስጥ ያለች የተማረች ሴት ከፈራች ለምን እንደፈራች ማወቅ ለአፋር ከባድ አይደለም። ልጁን አቅፋ፣ ያችን ቀላል ቤቷን ፈትታ፣ በዚያው ማታ መንገድ ላይ ትሆን ነበር።

አሮጊቷ ዕቃውን ስጪኝ አሉ። ከሰቀልኩበት አውርጄ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱት፣ የልጃቸው እጅ ነው። ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ከነአባቴ ነገርኳቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ፣ እንዳይሳሳቱ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ።

ስሜም ሄደ። በሳምንቱ ገበያ ላይ ታወቀኝ። አፋሮቹ አልተጣሉኝም፤ ዓሣ ይሸጡልኛል፣ ሰላም ይሉኛል፣ መንገድ ይለቁልኛል። ቁጭ ብሎ «ምን አየሽ?» የሚለኝ ግን ጠፋ። አሰብ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ አግብቼ ልጅ የወለድኩት እዚያው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም አፋር ዳጉ አልጠየቀኝም፣ አንድም አፋር አልነገረኝም። መጀመሪያ ቂም መስሎኝ ነበር። ቂም አልነበረም፤ ከዚያች ወሬ በቀር መከላከያ የሌላቸው ሰዎች መከላከያቸውን እየጠበቁ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ሲል መድፉ ወደ አሰብ ራሷ ቀረበ። ሬዲዮኑ ሰላም ነው ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ ሰላም ነው ይላል፣ እኛም እርስ በርስ እንዲያው እንባባላለን። አንድ ቀን ጧት ልጄን ይዤ ወደ ገበያ ስሄድ የአፋሮቹ ሰፈር ባዶ ነው። ሰሌኑ የለም፣ ፍየሉ የለም፣ አመድ ብቻ። ወደ ቤት ስሮጥ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ከወሎ የመጡ ባለሱቅ ናቸው፣ ጨርቃቸውን መኪና ላይ ሲጭኑ ደረስኩ።

«ምነው መምህርት፣ እስካሁን አልተነሣሽም እንዴ?» አሉኝ። «አፋሮቹ ከትናንት ወዲያ ነው የነገሩን። ለሰፈሩ ሁሉ ነው የነገሩት። አንቺን አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ባለቤትሽን ጥሪው ብለው መኪናው ላይ ቦታ አወጡልን። በሕይወት ያለሁት በእሳቸው ደግነት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔን ብታገኙኝ «እንዴት ነሽ» ብላችሁ ጠብቁኝ። ትንሽ እዘገያለሁ፤ ከዚያ ያለውን እነግራችኋለሁ። እናንተንም ማንም ቢጠይቃችሁ፣ ሌላው ቢቸግራችሁ መፍራታችሁን አትደብቁት። ከዚህ የበለጠ የምመክረው ነገር የለኝም። ያየሁትን አየሁ ብያችኋለሁ፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ ነግሬያችኋለሁ። ስሜ ዘነበች ወልደ ጻድቅ ነው።